አጥንት በሥራ የሚጠነክር ከሆነ ለምን «አረፍ በይ» ተባልኩ?

የሰሚቷ · ጥቅምት 9

ሰላም ለሁላችሁ። 31 ዓመቴ ነው፤ ቢሮ ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ። ዘንድሮ ታላቁ ሩጫን ሳላቋርጥ መጨረስ አለብኝ ብዬ ከመስከረም መጀመሪያ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አስፋልት ላይ መሮጥ ያዝኩ። መጀመሪያ በሳምንት ሦስት ቀን ነበር፤ ደስ ሲለኝ አምስት ቀን አደረግሁት። ትንፋሼ በሦስት ሳምንት ውስጥ እኔኑ እስኪገርመኝ ተሻሻለ።

አራተኛው ሳምንት ላይ የግራ ቅልጥሜ ከውስጥ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚቴ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ የሚያመኝ ሮጬ ስጨርስ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ገና ስጀምር። አሁን ደረጃ ስወርድም ያመኛል፣ ማታ ተኝቼም ይጠዘጥዘኛል። ቦታው የአንድ ጣት ጫፍ ያህል ነው፤ ስጫነው ዘልዬ እነሣለሁ።

ኤክስሬይ ተነሥቼ «ምንም የለብሽም» ተባልኩ። ሌላ ቦታ ኤምአርአይ ሲታይ ግን «ስትረስ ፍራክቸር» ነው፣ አጥንቱ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አለ አሉኝ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መሮጥ የለም። አብሮኝ የሚሮጠው ልጅ «አጥንት የሚጠነክረው በሥራ ነው፣ ተኝተሽ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም» ይለኛል። እናቴ ደግሞ ወጌሻ ይሽው እያለች ነው።

የከነከነኝ ነገር ይሄ ነው፦ ሥራ አጥንትን ያጠነክራል የሚባለው እውነት ከሆነ እኔን ምን ሰበረኝ? እረፍት ያዳክማል የሚባለውስ እውነት ከሆነ እንዴት ነው በእረፍት የምድነው? የሚያስረዳኝ ሰው ካለ በጣም አመሰግናለሁ።

ሙሉ_ጤና · ጥቅምት 9

እግዚአብሔር ይማርሽ እህቴ። ሌላው ይቆይና ስንጥቅ ያለበትን ቦታ ማንም እንዳያሸው። እሱን ብቻ ልበልሽ ብዬ ነው።

እርምጃ_ፊዚዮ · ጥቅምት 10

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ከሯጮች ጋር 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ጥያቄሽ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ግን ሊጠይቀው የሚገባ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

ጭቃ ቤት ሲመረግ አይተሽ ከሆነ የአጥንትን ነገር ግማሹን ታውቂዋለሽ። ጭቃው ጭድ ካልገባበት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ጭዱም ያለ ጭቃ ግድግዳ አይሆንም። የአጥንት ጭዱ ኮላጅን የሚባለው ክር መሰል ፕሮቲን ነው፤ ሲታጠፍ እንዳይሰበር የሚይዘው እሱ ነው። ጭቃው ደግሞ ካልሲየምና ፎስፎረስ ያለበት ማዕድን ነው፤ ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። ከአጥንት ክብደት አብዛኛው ይኸው ማዕድን ነው።

ይህ ግድግዳ ግን አንዴ ተመርጎ የሚተው አይደለም። ዕድሜ ልክ ሲፈርስና ሲመረግ ይኖራል። በአዋቂ ሰው ላይ በዓመት ከጠቅላላው አጥንት አንድ አሥረኛው ገደማ ይታደሳል። አጥንቱ ውስጥ ተቀብረው የሚኖሩ ህዋሶች አሉ፤ እጅግ ቀጫጭን ቦዮች እርስ በርስ ያገናኟቸዋል። መሬት በረገጥሽ ቁጥር አጥንትሽ ዓይን በማያየው መጠን ይታጠፍና በቦዮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይንቀሳቀሳል። ህዋሶቹ ያንን ሲሰሙ «እዚህ ጋ ጭነት በዝቷል» ብለው መልእክት ይልካሉ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። መልእክቱ ሲደርስ መጀመሪያ የሚመጡት አፍራሾቹ ህዋሶች ናቸው። የተጎዳውን አጥንት እየበሉ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ይህን በሁለት ሦስት ሳምንት ይጨርሱታል። ገንቢዎቹ ከኋላ ይከተላሉ፤ መጀመሪያ ጭዱን ያነጥፋሉ፣ ከዚያ ማዕድኑ ቀስ እያለ ይገባበታል። ያንን ጉድጓድ ለመሙላት ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋሉ። እንግዲህ ቁጠሪው፦ አዲስ ሥራ ከጀመርሽ በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት ላይ ቁፋሮው አልቋል፣ ሙሌቱ ገና ነው። አጥንትሽ በዚያ ሰዓት መሮጥ ከመጀመርሽ በፊት ከነበረው ይልቅ ደካማ ነበር ማለት ነው። ልክ በዚያው ሰዓት ትንፋሽሽ ተሻሽሎ ከሦስት ቀን ወደ አምስት ቀን አሳደግሽው። ልብና ሳንባ በሳምንታት ይለመልማሉ፤ አጥንት ግን በወራት ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት አዳዲስ ሯጮች ብዙዎቹ የሚናገሩት ታሪክ ያንቺን ነው፤ «አራተኛው ሳምንት ላይ» ሲሉኝ ቀሪውን ሳይነግሩኝ አውቀዋለሁ።

ጓደኛሽ ያለው ነገር መሠረት አለው። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ አጥንት ቅርጹን እንደሚሸከመው ጭነት ይለውጣል ብሎ ጽፏል። የቴኒስ ተጫዋቾች ኳስ የሚመቱበት የላይኛው ክንድ አጥንት ግድግዳ ከሌላው እጃቸው በሲሶ ያህል ወፍሮ ተገኝቷል። ጭነት የማይሰማቸው የጠፈር ተጓዦች ደግሞ ከዳሌ አጥንታቸው በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያጣሉ። ሆኖም የቴኒስ ተጫዋቹ ክንድ የወፈረው ከልጅነቱ ጀምሮ በዓመታት ነው።

እረፍት ሲባልም አልጋ ላይ መዋል አይደለም። ሳያምሽ መራመድ ከቻልሽ ተራመጂ። መራመዱም የሚያምሽ ከሆነ ለጊዜው ክራንች ያዥ። ብስክሌት ወይም ዋና ካገኘሽ ትንፋሽሽን ታቆይበታለሽ። የተከለከልሽው ያንን ቦታ በተደጋጋሚ መምታት ነው፣ ሙሌቱ እስኪደርቅ።

ኤክስሬዩ ባዶ ነው መባሉም አያስገርምሽ። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ብዙ ጊዜ በኤክስሬይ አይታይም።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እዚህ መመለስ ካልፈለግሽ በግል ጻፊልኝ። የወር አበባሽ በሰዓቱ ይመጣል? ሩጫውን ስትጀምሪ ምግብ ጨመርሽ ወይስ ቀነስሽ?

ጃንሜዳ77 · ጥቅምት 10

ባለሙያው ያሉትን አከብራለሁ፤ ግን ሁለት ዓመት ክለብ ውስጥ ሮጬ ያየሁትን ልናገር። እዚህ አገር ሕመም ሲሰማው የሚያቆም ሰው አትሌት አይሆንም። ኃይሌ ሲድኒ ላይ የተረከዝ ጅማቱ እያመመው ሮጦ አይደል እንዴ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመው? አንዳንዴ አካል ይለምዳል። ልጅቷን በጣም እያስፈራራችኋት ነው ብዬ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ጥቅምት 10

ወንድሜ፣ የሲድኒውን ሩጫ እኔም አልቅሼ ነው ያየሁት። ቀጥሎ የሆነውን ግን አብረን እናስታውስ። ከሲድኒ በኋላ ጅማቱ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው፤ በቀጣዩ ዓመት የኤድመንተን ዓለም ሻምፒዮና ላይ ተመልሶ ሦስተኛ ወጣ። ደግሞም እሱን ያመመው ጅማት ነው፣ እሷን ያመማት አጥንት ነው። የሁለቱ ሕግ ይለያያል፤ ይህን ነርስ ሆኜም በራሴም እግር ተምሬዋለሁ።

46 ዓመቴ ነው፤ 12 ሰዓት ቆሜ ነው የምሠራው። ጠዋት ከአልጋ ስነሣ የመጀመሪያዎቹ አሥር እርምጃዎች ቀኝ ተረከዜ ላይ እንደ ደረቀ ጠፍር ያደርገኝ ነበር። ሦስት ወር አረፍኩ፤ ሲሻለኝ ተመልሼ እቆማለሁ፣ ያው ይመለሳል። በመጨረሻ ፊዚዮዋ የሰጠችኝ ነገር ከእረፍት ተቃራኒው ነበር። የቤዝመንቱ ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግሬ ፊተኛ ክፍል ብቻ እቆማለሁ፣ በሁለት እግሬ ከፍ እላለሁ፣ ከዚያ ጤነኛውን አንሥቼ በታመመው ብቻ ቀስ ብዬ ተረከዜን ከደረጃው በታች አወርዳለሁ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጉልበቴን ቀጥ አድርጌ። ከዚያ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ሌላ ሦስት ዙር። ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። ስዊድናዊው ሐኪም ሃካን አልፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ዘዴ ነው። በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ከባድ ክብደት ይዞ ቀስ እያሉ መሥራትም እኩል እንደሚጠቅም ታይቷል፤ ጊዜ ለሌለው ሰው ያኛው ይመቻል።

የተረከዝ ጅማትን በተመለከተ እስከ ዛሬ የሚደንቀኝን ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1963 የኑክሌር ቦምብ በአየር ላይ ሲሞከር በከባቢ አየር ውስጥ የአንድ ዓይነት ካርቦን መጠን በጣም ጨመረ፣ ከዚያ እየቀነሰ ሄደ። በእነዚያ ዓመታት ያደጉ ሰዎች አካል ውስጥ ያ ካርቦን እንደ ቀን ማህተም ተቀምጧል። የዴንማርክ ተመራማሪዎች የተረከዝ ጅማትን እምብርት ሲመረምሩ ማህተሙ ባለቤቱ 17 ዓመት ገደማ እስኪሆነው የነበረው ዘመን ሆኖ ተገኘ። የጅማታችን እምብርት ከጉርምስና በኋላ አይታደስም ማለት ይቻላል። አጥንት እየፈረሰ ይታደሳል፤ ጅማት ግን ያንን የልጅነት ገመድ ይዞ ዙሪያውን እያጠናከረ ነው የሚኖረው። የሚደርሰው ደምም ጥቂት ነው። ለዚህ ነው አዝጋሚ የሆነው፤ ለዚህም ነው ዝም ብሎ ማረፍ ብቻውን የማያድነው።

ሕጉ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ጅማት ስታሠሩት ትንሽ ቢያም ችግር የለውም። ሕመሙ ከአሥር ነጥብ ቢመዘን እስከ አምስት ድረስ ይፈቀዳል ተብያለሁ፤ በማግሥቱ ጠዋት ግን ወደነበረበት መመለስ አለበት፣ ከሳምንት ሳምንትም መባስ የለበትም። የአጥንት ስንጥቅ ግን ከአሥር አንድም አይፈቀድለትም። ካመመ ትቆማላችሁ።

እርምጃ_ፊዚዮ · ጥቅምት 11

ሲልቨር ስፕሪንግ እጅግ ግልጽ አድርጋዋለች። ለጃንሜዳ አንድ ነገር ልጨምር። ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። የቅልጥም ውስጠኛው ጎን ሲረገጥ የሚጨመቅ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በጥሩ ሁኔታ ይገጥማል። የሰሚቷም የገለጸችው ይህን ነው። የቅልጥም የፊት ጠርዝ ግን በየእርምጃው የሚለጠጥ ነው፤ እዚያ ላይ የወጣ ስንጥቅ ለወራት ሳይገጥም ሊቆይና አንድ ቀን እየሮጡ ሙሉ በሙሉ ሊሰበር ይችላል። የጭን አጥንት አንገት ላይም እንዲሁ ነው፤ እዚያ፣ ብሽሽት ላይ የሚሰማ ሕመም ይዞ የሚሮጥ ሰው ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። «ይለምዳል» ተብለው የሮጡና አጥንታቸው በብረት ለመታሰር የተዳረጉ ልጆችን አክሜአለሁ። ሁሉም ጎበዞች ነበሩ።

ጃንሜዳ77 · ጥቅምት 11

የጅማቱንና የአጥንቱን ልዩነት አላውቅም ነበር። የአንድ ጓደኛዬ ነገር አሁን ገባኝ። አመሰግናለሁ።

የወጌሻው_የልጅ_ልጅ · ጥቅምት 12

የእናትሽን ነገር ሰው ሁሉ በአንድ ቃል አለፈው። አያቴ ደብረ ማርቆስ አካባቢ የታወቁ ወጌሻ ነበሩ፤ እኔ ልጅ ሆኜ ቀርከሃ እሰነጥቅላቸው ነበር። አያቴ ብዙ ሰው አድነዋል፤ ይህን ማንም አይወስድባቸውም። የተሰበረ ክንድ ስበው ያስተካክሉና በጨርቅ ጠቅልለው፣ ቀርከሃውን ደርድረው ያስራሉ። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ እየዳሰሱ «ያዘ» ይላሉ። ያ የሚዳስሱት እብጠት ምን እንደሆነ የተማርኩት ትልቅ ሆኜ ነው፦ መጀመሪያ የፈሰሰው ደም ይረጋል፣ ከዚያ እንደ ጆሮ ልም አጥንት የለሰለሰ ነገር ስብራቱን ከሁለት ወገን ያቅፈዋል፣ በቀጣዮቹ ሳምንታት ደግሞ ማዕድን ገብቶበት ይጠነክራል። ቅርጹ እስኪስተካከል ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። አያቴ ይህን ሁሉ በጣታቸው ያውቁት ነበር።

ግን አንድ ልማድ ነበራቸው። ካሰሩ በኋላ የታማሚውን የጣት ጥፍር ጫን አድርገው ይለቁና ነጣ ያለው ጥፍር ተመልሶ እስኪቀላ ይጠብቃሉ። ከዘገየ ይፈቱታል። የታሰረ ሕፃን ሌሊት ካለቀሰ «ቀበጠ አትበሉ፣ ፍቱት» ይሉ ነበር። ሌላ ቦታ ታስሮ የመጣ የአንድ እረኛ ልጅ እጅ ትዝ ይለኛል፤ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ጣቶቹ ጠቁረው ቀዝቅዘው ነበር። አያቴ ክሩን በምላጭ ቆርጠው ፈቱት፤ ዝም ብለው ብዙ ከተቀመጡ በኋላ አባትየውን «ሆስፒታል ውሰደው፣ አሁን» አሉት። ልጁ እጁን አጣ።

ላንቺ የምነግርሽ፦ ስንጥቅ ከቦታው የወጣ ነገር የለውም፤ የሚሳብም የሚታሽም የለም። አያቴ ቢኖሩ አይነኩሽም ነበር። ይህን ለእናትሽ ንገሪያት።

እርምጃ_ፊዚዮ · ጥቅምት 12

ጽሑፍህን ሁለቴ አነበብኩት፤ አያትህ ነፍሳቸውን ይማረው። ክንድና እግር ውስጥ ጡንቻው በማይለጠጥ ሽፋን የታቀፈ ነው። ሲያብጥና ከውጭም ሲጠብቅበት ደም መግባት ያቆማል፤ ስድስት ሰዓት ገደማ ከቆየ ጡንቻው መሞት ይጀምራል። ቀርከሃም ሆነ ጀሶ ልዩነት የለውም። ጣቱን ቀና ሲያደርጉለት ከልክ በላይ የሚያመው፣ የደነዘዘው፣ የቀዘቀዘ ወይም የገረጣ ከሆነ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ከዚያ ሰዓት ሳይፈጅ ሆስፒታል። አገራችን ውስጥ የብዙ ሕፃናት እጅና እግር የተቆረጠው በስብራቱ ሳይሆን በማሰሪያው ነው። በጉራጌ አካባቢ ያለ አንድ ሆስፒታል ወጌሾችን ጠርቶ አጭር ስልጠና ከሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጠው ሰው ቁጥር በግልጽ ቀንሷል። ወጌሾቹን አክብሮ ማነጋገር ይቻላል ማለት ነው፤ እኔ ይህ በየወረዳው ቢደረግ ምኞቴ ነው።

አቡዳቢ_ነኝ · ጥቅምት 13

ሰላም፤ እኔ የሰው ቤት ነው የምሠራው። የእጄ አንጓ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ ነበር፤ ከወጣ አሥር ቀኑ። አጥንቱ ገጥሟል ብለውኛል፣ እጄ ግን አልታጠፍ አለ፤ ጨርቅ መጭመቅ አቅቶኛል። ተበላሽቶ ይሆን?

እርምጃ_ፊዚዮ · ጥቅምት 13

አይዞሽ እህቴ፣ አልተበላሸም። መገጣጠሚያውን የሚያቅፈው ሽፋንና ጅማቶቹ ሳይንቀሳቀሱ ሲቆዩ ያጥራሉ፣ ይጣበቃሉም። እነሱ የሚዘረጉት በመለማመድ ነው። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እጅሽን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ከተሽ ጣቶችሽን ሙሉ ጨብጪ፣ ሙሉ ዘርጊ። ከዚያ አንጓሽን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ መዳፍሽን ወደ ሰማይና ወደ መሬት አዟዙሪ። ለስላሳ ስፖንጅ ጭመቂ፤ ጨርቅ መጭመቁን ለኋላ አቆዪው። ሲለጠጥ ቢሰማሽ ችግር የለውም፣ ስለት የመሰለ ሕመም ከሆነ ግን ቀንሺ። ለመመለስ ወራት ሊወስድ ይችላል። እጅሽ በጣም ካበጠ፣ ከቀላና ከነካኩት የሚያቃጥል ከሆነ ወይም ጣቶችሽ ከደነዘዙ ግን ተመልሰሽ ታዪ። ደግሞ ውጭ የመውጣት ዕድል ካለሽ ፀሐይ ያግኝሽ፤ ቤት ውስጥ የሚውል ሰው ቪታሚን ዲ ያጥረዋል፣ ያለ እሱ ደግሞ ካልሲየም ከአንጀት በደንብ አይገባም።

አቡዳቢ_ነኝ · ጥቅምት 13

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ ጀመርኩ።

የሰሚቷ · ኅዳር 16

ይቅርታ ጠፋሁ። ሁላችሁንም እያነበብኩ ነበር። ታላቁ ሩጫን ከዳር ቆሜ አየሁት፤ ቲሸርቱን ለታናሽ እህቴ ሰጥቼ እሷ ሮጠችበት። የወጌሻውን የልጅ ልጅ ጽሑፍ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ማሳሸት አንሥታ አታውቅም።

ለፊዚዮው ጥያቄ እዚሁ ልመልስ፣ ሌላ ሴትም ይጠቅማት ይሆናል። ነሐሴና መስከረም ላይ ወር አበባዬ አልመጣም ነበር፤ ከሥራ ጭንቀት ነው ብዬ አለፍኩት። ክብደት ልቀንስ ብዬም እራት ትቼ ነበር። አሁን ጾመ ነቢያት ገባ፤ እስከ ገና ምን ልብላ?

እርምጃ_ፊዚዮ · ኅዳር 16

ስለነገርሽን በጣም አመሰግናለሁ፤ ትልቁን ነገር ነው የተናገርሽው። አካል የሚበላው ከሚሠራው ሲያንስበት ቁጠባ ይጀምራል። መጀመሪያ ከሚዘጉት አንዱ ወር አበባ ነው፤ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ አፍራሾቹ ህዋሶች ልጓም ያጣሉ፣ ገንቢዎቹም ይደክማሉ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳሰበው ጉዳይ ነው። አንቺ በተራበ አጥንት ነው አስፋልት የረገጥሽው። የማህፀን ሐኪም ይይሽ፤ እራትሽንም መልሺ።

በጾም ወቅት መዳን ይቻላል፣ ግን ሆን ብሎ መብላት ይጠይቃል። በቀን ወደ 1,000 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልግሻል። ያልተላጠ ሰሊጥ በካልሲየም እጅግ ሀብታም ነው፤ በጁስም ሆነ እንዲሁ ተቆልቶ ብዪው። ጎመን ጥሩ ነው፣ ካልሲየሙ በቀላሉ ይገባል። ጤፍ በ100 ግራም 180 ሚሊግራም ገደማ አለው፤ ሊጡ በደንብ ሲቦካ ደግሞ ማዕድኑን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። ለጭዱ ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ሽሮና ምስር በየማዕዱ ይኑር፣ በልክም አይሁን፣ ጠገብ በይ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ግን የንስሐ አባትሽን አማክሪ። አጥንቴ ተሰንጥቆ እየታከምኩ ነው በያቸው።

የሰሚቷ · ኅዳር 19

አነጋገርኳቸው። «ልጄ፣ የታመመ ይበላል፤ ስትድኚ ትጾሚያለሽ» አሉኝ። እስከ ሰዓት መቆየቱን ተውኩት፤ ከፍስክ መከልከሉን ራሴ ፈልጌ ይዣለሁ።

እርምጃ_ፊዚዮ · ታኅሣሥ 7

ሐኪምሽ ከፈቀደ የምትጀምሪው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በፈጣን እርምጃ ሳያምሽ መሄድ አለብሽ። ቦታውን በጣትሽ ስትጫኚው ዝም ማለት አለበት። በግራ እግርሽ ብቻ አሥር ጊዜ ዝለዪ፤ ዝም ካለ አንድ ደቂቃ ሩጪ፣ ሁለት ደቂቃ ሂጂ፣ እንዲህ ስምንት ዙር፣ በየመሃሉ አንድ ቀን እያረፍሽ፣ በሣር ወይም በአፈር ላይ። ካመመ ሁለት ቀን አርፈሽ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሺ። በየሦስት ሳምንቱ አንዴ ሳምንቱን ቀለል አድርጊው፤ ሙሌቱ ቁፋሮውን እንዲደርስበት።

ሩጫው ከተመለሰ በኋላ አጭር አጭር ዝላይ እንጨምራለን። አጥንት ጭነት ሲደጋገምበት ከጥቂት ደርዘን ምት በኋላ መስማት ያቆማል፤ በእንስሳት ላይ ሲታይ መልሶ በደንብ ለመስማት ሰዓታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ጠዋት 20፣ ማታ 20 ዝላይ አንዴ ከሚደረግ 200 ይሻለዋል። እሱ ግን ከጥር አጋማሽ በኋላ።

የሰሚቷ · ጥር 14

ወር አበባዬ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ተመለሰ። ሩጫው አሁን አራት ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ ላይ ደርሷል፤ አንዴ ብቻ ትንሽ ተሰምቶኝ ወደ ኋላ ተመልሼ ነበር። የጥምቀት ዕለት ታቦት አጅቤ ሦስት ሰዓት ገደማ በእግሬ ሄድኩ፤ ግማሹን መንገድ በባዶ እግሬ። ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በአንድ ጣቴ ያንን ቦታ ጫን አልኩት። ከበፊቱ ትንሽ ጎርበጥ ያለ ነገር አለ፣ ሕመም ግን የለም። ያ ጉብታ ይቀራል ወይ?

እርምጃ_ፊዚዮ · ጥር 14

ምርጊቱ ነው። አጥንቱ ቀስ እያለ ይልገዋል፤ ከዓመት በኋላ ፈልገሽ ላታገኚው ትችያለሽ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጠዋት 10 ዝላይ ጀምሪ፤ ሁለት ሳምንት ካለፈሽ በኋላ ጻፊልኝ።